ጥርግ ጣሳና ክምር ጣሳ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከወንበር ጋር ተጣልቻለሁ። ቁጭ ካልኩ እግሬ አያርፍም፤ ከተነሣሁ ደግሞ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። በጠዋት ጫማዬን አጥልቄ በር ላይ እቆምና ቢሮ እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ መጥረጊያ አነሣለሁ። ባለቤቴ ሰይድ መምህር ነበር፤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ በረንዳው ላይ ከሬዲዮው ጋር ተደላድሏል። «ሐዋ፣ ግቢውን እኮ ቆዳውን ገፈፍሽው፤ ኧረ ባላህ ተይው» ይለኛል። ለእሱ ጡረታ ዕረፍት ሆኖ መጣለት፤ ለእኔ እከክ ሆኖ መጣብኝ።

የሚያባንነኝ ግን ሥራ መፍታት ብቻ አይደለም። ስልኬም ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሙቀቱ ፊት ላይ መሰማት በሚጀምርበት ቀበሌ፣ ጦይባ የምትባል ሴት የዓሣ ኩሬ አላት። ኩሬው ውስጥ የውሃውን ሙቀትና በውሃው ውስጥ ያለውን አየር የሚለካ መሣሪያ ተተክሏል። አየሩ ሲያንስ መሣሪያው መልእክት ይልካል፤ መልእክቱም የሚመጣው ወደ እኔ ስልክ ነው። ጡረታ ስወጣ ቁልፉንም፣ ሞተር ሳይክሉንም፣ ያረጀውን የዝናብ ልብስ ሳይቀር ተረከቡኝ። ስልክ ቁጥሬን ከመሣሪያው ላይ ማውጣት ግን ማንም አላሰበም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም። ስለዚህ በየማለዳው ስልኬን ሳላይ ፊቴን አልታጠብም። ዝም ካለ ውሃው ደህና ነው ማለት ነው። ዝም ሲል ደግሞ «ተበላሽቶ ይሆን?» እያልኩ እብሰለሰላለሁ።

ሰይድ ይህን አይቶ «እንግዲያው ጻፊውና ይውጣልሽ» አለኝ። ይሄው ጀመርኩ።

ሥራ የጀመርኩት ደጎሎ ነው፤ በዓሣ ሳይሆን በእህል ዋጋ። ያኔ ዓሣ በሥዕል እንጂ በአካል አይቼ አላውቅም ነበር። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የገበያ መረጃ ክፍል አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ነበር፤ ሰውየው ጋሽ አየለ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱን በሙቀትም በብርድም የማያወልቅ፣ ኪሱ የሽምብራ ቆሎ የማያጣ። እኔ የተመደብኩት ለእሱ ረዳት ሆኜ ነው። በየገበያው ቀን የስንዴውን፣ የገብሱን፣ የባቄላውንና የጤፉን ዋጋ ሰብስበን ወደ ዞን እንልክ ነበር።

በመጀመሪያው ገበያ እስክሪብቶዬን ይዤ ወደ አንዲት ስንዴ ሻጭ ሄድኩና «ጣሳው ስንት ነው?» አልኳት። ቀና ብላ እስክሪብቶዬን አየችና የማይመስል ዋጋ ነገረችኝ። ጋሽ አየለ ከኋላዬ ሆኖ ሰምቶ ሳቀ።

«ግብር ልትጥዪባት የመጣሽ መሰላት» አለኝ። «ዋጋ እስክሪብቶ ሲያይ ይታመማል። ክተቺው።»

የእሱ አሠራር ሌላ ነበር። ገበያው ሳይሞላ ገብቶ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ዋጋ አይጠይቅም። የሚያየው የሰፋሪዋን እጅ ነው። በእኛ አገር እህል በጣሳ ሲሸጥ እስኪፈስ ድረስ ይከመራል፤ ከክምሩም በላይ እፍኝ ምራቂ ይጨመራል። ምራቂ የሌለው ሽያጭ ምርቃት እንደሌለው ሰርግ ነው፤ ገዢውም ቅር ይለዋል፣ ሻጯም ታፍራለች። ዘመኑ ሲከፋ መጀመሪያ የሚቀረው ምራቂው ነው። ቀጥሎ ክምሩ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ መዳፍ የጣሳውን አፍ መጥረግ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዋጋውን ብትጠይቅ ያው የድሮውን ይነግሩሃል። ጣሳው እኮ ያው ጣሳ ነው!

«ዋጋ በአፍ ይዋሻል፤ በእጅ አይዋሽም» ይል ነበር ጋሽ አየለ። ወደ ዞን በምንልከው ወረቀት ላይ ከዋጋው አጠገብ «ክምር» ወይም «ጥርግ» ብሎ ይጽፋል። ዞኖቹ ተጨማሪ ጽሑፍ አታስገቡ ብለው ይመልሱታል፤ እሱ በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ይጽፋል። ሌላም ልማድ ነበረው። ዋጋውን ካጣራበት እህል ሁሉ ጥቂት ሳይገዛ ከገበያ አይወጣም። «ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ገበያ ያደፈርሳል» ይላል። ቤቱ ከየገበያው በተገዛ እፍኝ እፍኝ እህል ተሞልቶ ነበር። ባለቤቱ እትዬ አሰለፈች ሁሉንም ቀላቅላ ስታስፈጨው የሚወጣውን እንጀራ የምን እንደሆነ አይታወቅም፤ እሷ ግን «የመንግሥት እንጀራ» ትለው ነበር።

ከደጎሎ ወደ ኩታበር፣ ከኩታበር ወደ ወረኢሉ ተዛወርኩ። ስለ ኩታበሩ አለቃዬ የማስታውሰው ስብሰባውን ብቻ ነው፤ ሰው ሲታመምም፣ ዝናብ ሲጠፋም፣ ዝናብ ሲበዛም ስብሰባ ይጠራ ነበር። ወረኢሉ የከብት ዋጋ ሰበሰብኩ። የከብት ዋጋ በእጅ መጨባበጥ ስር፣ በጋቢ ውስጥ፣ በጣት ነው የሚባለው፤ ሴት እጇን እዚያ ጋቢ ውስጥ ስለማታስገባ የደላሎቹን ፊት አይቼ መገመት ተማርኩ። ከዚያ መካነ ሰላም ገባሁና እዚሁ ቀረሁ።

መካነ ሰላም ሳለሁ ነው ታብሌት የመጣው። ከእንግዲህ ዋጋ በወረቀት መሆኑ ቀረ፣ ገበያው መሐል ቆማችሁ ጫን ጫን ታደርጉና በዚያው ደቂቃ አዲስ አበባ ይደርሳል ተባልን። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ታብሌቶቹ ግን ከነላስቲካቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን «ንብረት ነው፤ ገበያ ወስዳችሁ ብትሰብሩት ማን ይጠየቃል?» አለ። እኛ በወረቀት እየሰበሰብን፣ ማታ ማታ እሱ ፊት አንድ ታብሌት ተከፍቶ ዋጋው ይገለበጥበት ነበር። ኃላፊው ተዛውሮ ሲሄድ ቁልፉን ይዞት ሄደ፤ ቁም ሣጥኑን በመጥረቢያ ከፈትነው።

ታብሌቱ ፈጣን ነበር። ዋጋው ካለፈው ገበያ በብዙ ከራቀ ቀይ ያበራል፤ ካልራቀ አረንጓዴ። የእጅ ቦታ ግን አልነበረውም። ክምር ይሁን ጥርግ የሚጻፍበት መስመር የለም። ለሥልጠና የመጡትን ልጆች ጠየቅኳቸው። «በሚቀጥለው ማሻሻያ ይታያል» አሉኝ። እስካሁን እየታየ ነው።

ዓሣ ወደ እኔ የመጣው ማንም ስላልፈለገው ነው። የእንስሳት ክፍሉ የበግ ባለሙያ አለው፣ የንብ አለው፣ የዶሮ አለው፤ የዓሣ ሥራ ሲመጣ ሁሉም ጣራውን አየ። ለሐዋ ስጧት ተባለ፤ ሴት ስለሆነች ውሃ ትወዳለች ብለው ይሆናል። ሠለጠንኩና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት አምጥተን ደጋው ላይ፣ ከከተማው አጠገብ ኩሬ ውስጥ ጨመርነው። ብርዱ አላስደሰታቸውም። አልሞቱም፣ አላደጉም፤ እንደ ደመወዛችን ባሉበት ቆሙ። ከዚያ በኋላ ነው ሞቅ ወዳለው ቁልቁል ወርደን ሰው መፈለግ የጀመርነው።

ጦይባን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በቦይ ውሃ የሚጠጣ ነጭ ሽንኩርት የምታበቅልበት ማሳ ነበራት፤ ከቤቱ መሬት ሁሉ እሱ ነው ደህናው። የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ይመር በአጠገቡ ያርሳል፤ ቤተሰቡም የሚሰማው የእሱን ቃል ነው። እኔ ስለ ዓሣ ሳስረዳ ሴቶቹ ሁሉ አፍንጫቸውን ሲይዙ ጦይባ ብቻ ተጠግታ ሰማችኝ። በዕድሜ እኩዮች ነን ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው ያለችኝ።

«ይሄ ዓሣ የሚሉት ቢላ ይፈልጋል? የማን ቢስሚላ ነው የሚባልበት?» አለችኝ።

«አይታረድም። ከውሃ ከወጣ አበቃ።»

«እንግዲያው የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር የለበትማ!» አለች፣ እጇን ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ። «ከጎረቤቴ ከወርቄ ጋር በአንድ ድስት በልተን አናውቅም እኮ። በይ ቆፍሪልኝ።»

በእኛ አገር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለቅሶና ሰርግ ላይ ድስቱ ሁለት ነው፤ ፍቅሩ ግን አንድ ነው። ይህችን ነገር በሥልጠናው ላይ ማንም አልነገረኝም ነበር።

የነጭ ሽንኩርቱ ማሳ ተቆፈረ፣ ወፍራም ላስቲክ ተነጠፈበት፣ ውሃው ከቦዩ ገባ። አያ ይመር ከዘራውን ተደግፎ እያየ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለ። መሣሪያው ሲተከል ደግሞ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ትንሽ የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ያለው ዘንግ ነው፤ ጫፉ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ጦይባ «ጆሮ ጠቢው» ብላ ስም አወጣችለት። ኩሬው ዳር ሐሜት ሲነሣ «ዝም በሉ፣ ጆሮ ጠቢው ለሐዋ ይነግርብናል» ትላለች።

ቀለቡም በስልክ ነበር የሚታዘዘው። የውሃው ሙቀትና የዓሦቹ ዕድገት ሲገባለት ፕሮግራሙ ለዕለቱ ስንት ግራም ፉርሽካና ፋጉሎ እንደሚበቃ ያወጣል። ግራም ለጦይባ ምኗ ነው? ሚዛን የላትም። በጣሳ እንዲሆን ወተወትኩና ፕሮግራሙን የሠሩት ልጆች እሺ አሉ። አንድ ጣሳ ፉርሽካ መዘኑ፣ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ የጦይባ ስልክ በየቀኑ በጣሳ ያዝዛት ጀመር። ጦይባም ያዘዛትን ቃል በቃል ትፈጽማለች። አንድ ካላት አንድ፣ ሁለት ካላት ሁለት። ዓሦቹ አደጉ። አያ ይመርም ሰው የሌለ ሲመስለው ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ ሲያያቸው አይቼዋለሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ቀኑ ሁሉ ደመና ሆነ። አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ፤ አየር አንሷል ይላል። ወዲያው ደወልኩ።

«ኧረ አብሽሪ ሐዋ!» አለችኝ ጦይባ። ድምጿ ደስታም ሐዘኔታም ነበረበት። «ሁሉም ከላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው እየለመኑኝ ነው። ወላሂ አንጀቴን በሉት። ዛሬ ደግሞ ቤቴ ዱዓ አለ፣ የመጣው ሰው ሁሉ እፍኝ እፍኝ እየያዘ እየሰጣቸው ነው። ለፍጡር መስጠት ሰደቃ አይደል?»

ዓሣ ከላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ርቦት አይደለም፤ አየር አጥሮት ነው።

«ጦይባ! አትስጪ! አንዲት እፍኝ እንዳትጨምሪ! ቦዩን ክፈቺና ውሃ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ሞከርኩ። ኔትወርኩ ጠፍቷል። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፤ አልገባ አለ። እንደዚያ ቀን ስልክን ጠልቼ አላውቅም። ችግሩን እኔ ያለሁበት ድረስ አምጥቶ እየነገረኝ፣ ችግሩ ያለባት ሴት ጋ አያደርሰኝም!

ሞተር ሳይክሉን አስነሥቼ ወረድኩ። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር፤ ከግማሽ በኋላ ጭቃው ጎማውን ያዘውና ትቼው በእግሬ ሄድኩ። ወደቅኩ፣ ተነሣሁ። ስደርስ ዱዓው ተፈትቶ ሰዉ ኩሬው ዳር ቆሟል። ውሃው ላይ ነጭ ነጭ ሆድ ተንጋሏል። ጦይባ ጉልበቷን አቅፋ ዳሩ ላይ ተቀምጣለች።

«‹አትስጪ› ስትይ ሰማሁ» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ከዚያ ተቋረጠ። ደጄ ላይ አፉን ከፍቶ የቆመን እንዴት አልሰጥም? አንቺስ ትችያለሽ?»

ቦዩን ከፈትነው። ውሃው በሚገባበት ጥግ ጥቂት ዓሦች ተጠጋግተው በሕይወት ነበሩ፤ ሌላው አልቋል። ያን ያህል ቀለብ አንድ ቀን ብቻ የተጨመረ አይመስልም ነበር። ኩሬው ስር ያልተበላ ፉርሽካ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ተጋግሯል፤ አየሩን የበላው የእሱ መበስበስ ነው። ይህ የሰነበተ ነገር ነው።

«በየቀኑ ምን ያህል ነበር የምትሰጪያቸው?»

«ስልኩ ያዘዘውን።»

«አሳዪኝ።»

ጣሳውን ከፉርሽካው ጆንያ ሞላች። ሞላችና ከመረች። ከመረችና እስኪፈስ በመዳፏ አስደገፈችው። ከዚያም ከላይ እፍኝ ምራቂ ጨመረች። «ይሄው፣ አንድ ጣሳ» አለች።

ልጆቹ ጣሳውን የመዘኑት አፉን ጠርገው ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ጣሳ ጠርጎ የሚሰጠው ክፉ ቀን ሲመጣ ብቻ ነው። ጦይባ ደግሞ ክፉ ቀን አልመጣባትም፤ ዓሦቿን ትወዳቸዋለች፣ ልታሳፍራቸው አልፈለገችም። ፕሮግራሙ እጅ አያይም። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እጅ ሳይ ኖሬ የእሷን ሳላይ ቀረሁ። ጋሽ አየለ በሕይወት ቢኖር የሚለኝን አውቃለሁ፤ ምንም አይለኝም፣ ቆሎ ያቀብለኛል። በመንገዱ ላይ ስመለስ አለቀስኩ።

አያ ይመር ጊዜ አላጠፋም። በማግሥቱ አፈሩን ሊመልስ አካፋ ይዞ መጣ።

«ልጄ፣ አንቺን አልወቅስም» አለኝ። «የተማርሽውን ነገርሽን። ግን የወንድሜ ልጆች ነጭ ሽንኩርት ይበሉ ነበር፤ አሁን ምን ይብሉ? ጭቃ?»

«አያ ይመር፣ የተረፉት ይራባሉ። ቆሮሶ ቶሎ ይረባል። ጊዜ ይስጧት።»

«እስከ መቼ?»

ጦይባ መለሰች እንጂ እኔ አልመለስኩም። «እስከ አንድ ገበያ» አለች። «መካነ ሰላም ይዤው እወጣለሁ። ተሸጦ ካለቀ ኩሬው ይቀመጥ። ይዤው ከተመለስኩ በገዛ እጄ አፈር እመልስበታለሁ፤ አካፋውን አንተ አታነሣም።»

አያ ይመር አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎት ሄደ። አካፋው እዚያው ቆየ። በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ጣሳ መጥረግ ለጦይባ ጨክኖ እንደመማታት ሆነባት። ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት ሰጠኋት፤ ጣሳውን ሞልታ እንጨቱን አፉ ላይ ስታስኬደው ፊቷን ታዞራለች። «አፉ በሉኝ፣ ሐዋ ናት ያዘዘችኝ» ትላቸዋለች ዓሦቹን። ተጠርጎ የወረደው ፉርሽካ ወደ ጆንያው እንዲመለስ ግን እሺ አላለችም። ከቤቷ የወጣ ምራቂ ተመልሶ አይገባም አለች። ከጣሳው ስር ሰፌድ ዘርግታ፣ የተጠረገው እሱ ላይ ሲወርድ ለዶሮዎቿ ትሰጠዋለች። ዶሮዎቹ ወፈሩ፤ ዓሦቹም በረቱ። እኔ ደግሞ በዚህ መሐል ጡረታ ወጣሁ። ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ፣ የአበሉን ወረቀት ሰጡኝ። በጋቢው ውስጥ ሆኜ የማስበው ስለ ጦይባ ኩሬ ነበር።

በእኔ ቦታ የተተካችው ቤዛ ትባላለች፤ ደሴ ያደገች ፈጣን ልጅ ናት። ባለፈው ሰሞን ቤቴ መጣች።

«እትዬ ሐዋ፣ ሲስተሙ ላይ አሁንም የእርስዎ ቁጥር ነው ያለው። ላስቸግርዎት አልፈለግኩም እንጂ መቀየር አለበት። እርስዎ አሁን ማረፍ ነው ያለብዎት።»

ማረፍ! ደሜ ፈላ። «የጦይባ ዓሣ ገበያ ሳይወጣ ማንም ቁጥሬን አይነካውም» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች። ሰይድ ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ «ልጄ፣ ተያት፤ ገበያው ደርሷል» አላት። በኋላ ቁጣዬ አሳፈረኝ፤ ልጅቷ ሥራዋን ነው የሠራችው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ገበያው ደረሰ። ከማለዳው ቀድሜ ወጥቼ እህል ተራውን ዞርኩ፤ እግሬ ልማዱ ነው። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። የጤፍ ሻጯም፣ የስንዴ ሻጯም፣ የባቄላ ሻጯም መዳፋቸው የጣሳውን አፍ ይጠርጋል። ምራቂ የምትጨምር አንዲት ሴት የለችም። አንዲት ገዢ «ኧረግ! ምራቂውስ?» ስትል ሻጯ ዓይኗን ሰብራ «ቀኑ ጠረገው፣ እናትዋ» አለቻት። ቤዛን ታብሌቷን ይዛ አገኘኋት።

«ምን ይልሻል?»

«ከባለፈው ጋር አንድ ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አለችኝ።

«እጃቸውን እዪ» አልኳት። አየች፤ ቆማ አየች። ከዚያ ታብሌቷን ወደ ታች አደረገችና እሷም እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። እኔ ግን የጨነቀኝ ሌላ ነበር። ሰው ለጤፍ እንዲህ ከጠበበ፣ ለማያውቀው ዓሣ ማን ኪሱን ይፈታል? አካፋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ታየኝ።

ጦይባ በአይሱዙ ላይ ተጭና መጣች። ሁለት ሳፋ ሙሉ ዓሣ፣ ከላዩ እርጥብ ቅጠል። ከኋላዋ አያ ይመር ከዘራውን ይዞ ወረደ። «ልይ ብዬ ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። የተዋሰችው ሚዛን ተሰቀለ። ሰው ተሰበሰበ፣ አየ፣ ሄደ። አንዱ «የውሃ እባብ ነው» አለ። ሌላዋ ልጇን ጎትታ ራቀች። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። ቅጠሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ እንደገና እረጫለሁ፤ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የቀረበችው ምግብ ቤት ያላት ሴት ነበረች፤ ጾም ስለነበር ደንበኞቿ ዓሣ ይጠይቋታል። አንዲት ኪሎ አለች። ጦይባ መዘነች። የሚዛኑ መርፌ ልኩ ላይ ቆመ። ጦይባም ቀና ብላ ሴትዮዋን አየችና ከሳፋው አንድ ዓሣ አንሥታ ከላይ ጣለችበት።

«ምን?» አለች ሴትዮዋ።

«ምራቂ ነው። ብሉና መርቁኝ።»

ሴትዮዋ ቆማ ቀረች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞራ ጮክ ብላ «እዚህ ምራቂ አለ!» አለች። ወሬው ከእህል ተራው ድረስ ሄደ። በጥርግ ጣሳ ሲገዙ ያረፈዱ ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ። ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዷ ማተብ ያሰረች፣ አንዷ ሻሽ የጠመጠመች፣ ገንዘብ አዋጥተው አብረው ገዙ፤ በአንድ ድስት ሊሠሩት ነው። ጦይባ ለእያንዳንዷ መርፌው ልኩ ላይ ከቆመ በኋላ አንድ ትጨምራለች።

እኔ መቆም አቃተኝ። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አልኩና «ጦይባ፣ ትከስሪያለሽ! ሚዛኑ ያለውን ስጪና በቃ! ያኔ ዓሦቹ በምራቂ አልነበር ያለቁብሽ?» አልኳት።

እጇ ሳይቆም ቀና አለች። «ለዓሣ ጥረጊ አልሽኝ፣ ጠረግኩ» አለች። «ለሰው አይጠረግም።»

ቅጠሉን ከሳፋው ላይ ገለጥኩላት። እግሬ ማረፉን ያኔ ነው ያወቅኩት።

ዓሣው አለቀ። የመጨረሻዋን ለእኔ በቅጠል ጠቅልላ ከነምራቂዋ ሰጠችኝ፤ ብር አልቀበል አለች። ስልኬን አውጥቼ ለቤዛ ሰጠኋትና «በይ፣ ቁጥሩን ቀይሪው፤ ስትደውዪላት ግን መጀመሪያ ስለ ጣሳዋ ጠይቂ» አልኳት። ቤዛ ስልኬን ተቀብላ እዚያው ቆማ ሠራችው።

አያ ይመር ጎንበስ አለና ባዶዎቹን ሳፋዎች አንዱን በአንዱ ውስጥ ከቶ ራሱ ተሸከማቸው። በአገራችን ወንድ የሴት ሳፋ ተሸክሞ በገበያ መሐል ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይታይም።

«ነይ እንጂ ጦይባ» አለ። «ምን ትቆሚያለሽ? ዓሦቹ ጾማቸውን ዋሉ።»

መኪናው ጋ ሊደርሱ ሲሉ አላስችል አለኝ። «አያ ይመር! ጣሳውን ጠርጋችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ወደኋላ አልዞረም። ሳፋዎቹን ከትከሻው አውርዶ በደረቱ አቀፋቸውና፣ እየተራመደ፣ መዳፉን በባዶው ሳፋ አፍ ላይ አግድም አስኬደው።